ባላንስ ማሽን የምትገዙ፦ በ«00» እንዳትሸወዱ

ጎሚስታ ቤት ወይም ጋራዥ ለመክፈት ዕቃ የምታሰባስቡ ሰዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። «ጎማ መፍቻና ባላንስ ማሽን ከነሙሉ ዕቃው፣ በቅናሽ» የሚለው ጥቅል ብዙ ሰው ያጓጓል። ጎማ መፍቻው እምብዛም አያሳስብም፤ ብረት ነው፣ ቢሰበር ይበየዳል። ጣጣው ያለው የጎማውን የክብደት መዛነፍ የሚለካው ባላንስ ማሽን ላይ ነው፣ በተለይ ያገለገለው ቀለም ተቀብቶ «አዲስ» ሲባል።

ሻጩ የሚያሳያችሁ ይሄን ነው። አንዲት የቪትዝ ጎማ ሻፍቱ (የማሽኑ የሚዞር ዘንግ) ላይ ትታሰራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ማሽኑ በውጭ 25፣ በውስጥ 15 ግራም ይላል። እርሳስ (ማመጣጠኛ ክብደት) ይመታባታል፣ እንደገና ስትሽከረከር በሁለቱም በኩል 00 ይወጣል። ገዢው ደስ ብሎት እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ አብዛኛው ማሽን ከ5 ግራም በታች ያለውን ዜሮ ብሎ ነው የሚያሳየው፤ እውነተኛውን ቀሪ ለማየት «ፋይን» የሚለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ይሄ ደንቡ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። ሁለተኛው ግን ክፉ ነው፦ ሻፍቱ የተጣመመ ማሽንም ጎማው እስካልተፈታ ድረስ 00 ይላል። የራሱን ስህተት እናንተ በመታችሁት እርሳስ አካክሶታላ!

ስለዚህ 00 ካለ በኋላ ጎማውን ሻፍቱ ላይ ያሰረውን ፈጣን ዳዶ ፍቱ፣ ሻፍቱ ባለበት ቆሞ ጎማውን ብቻ ግማሽ ዙር አዙሩና መልሳችሁ እሰሩ፣ አሽከርክሩ። ለቤት መኪና ጎማ እስከ 10 ግራም ቢል ያስኬዳል። 30 ካለ ግን ወይ ሻፍቱ ተጣምሟል፣ ወይ ኮኑ (የቸርኬውን መሃል ቀዳዳ የሚይዘው ሾጣጣ ብረት) ተበልቷል፣ ወይ ጎማው የሚደገፍበት ፍላንጅ ላይ ቆሻሻ ወይም አዲስ ቀለም አለ። ጠርጋችሁ ድገሙት፤ ያው ከሆነ ትታችሁ ውጡ። በዚህ ፍተሻ ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚታየው፤ 30 አለ ማለት ማሽኑ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 15 ግራም ይዋሻል ማለት ነው።

ለጥቂት ግራም ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ምንድን ነው የሚል ካለ፣ ሂሳቡ ይኸው። ባለ 15 ቸርኬ ጠርዝ ላይ 30 ግራም ሲዛነፍ፣ መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወደ 4 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ጉልበት ይሆናል፤ እሱም በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል እየዞረ ይደበድባል። ደንበኛው አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ መሪው ሲንቀጠቀጥበት ተመልሶ የሚመጣው ወደ እናንተ እንጂ ወደ ማሽኑ ሻጭ አይደለም።

ቀጥሎ 60 ግራም እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። ባላንስ በሆነው ጎማ የውጭ ጠርዝ ላይ ምቱትና አሽከርክሩ። በውጭ ከ55 እስከ 65፣ በውስጥ ከ5 ያልበለጠ መሆን አለበት። እርሳስ የሚመታበትን ቦታ የሚጠቁመው የውጩ መብራት ሙሉ ሲበራ ደግሞ የመታችሁት እርሳስ ቁልቁል ወደ መሬት ማየት አለበት። በውስጥ በኩል 20 ካለ ወይ ካሊብሬሽኑ (የማሽኑ የልኬት ማስተካከያ) ተዛብቷል፣ ወይ ሴንሰሩ ተጎድቷል። «ሱቃችሁ ስትወስዱት ካሊብሬት ይደረጋል» ቢባል እሺ አትበሉ፤ እዚያው ፊታችሁ ይደረግ። በብዙዎቹ ማሽኖች ሥራው ሦስት ሽክርክሪት ብቻ ነው፦ አንዴ ጎማውን ያለ ተጨማሪ ክብደት፣ አንዴ 100 ግራም በውጭ፣ አንዴ እሱኑ በውስጥ። የ100 ግራሙ ክብደት ካርቶኑ ውስጥ ከሌለ «ከነሙሉ ዕቃው» የተባለው ውሸት ነው።

ሴንሰሩ የሚበላሸው ባብዛኛው በጉዞና በማውረድ ነው። ወዛደር ማሽኑን በሻፍቱ አንጠልጥሎ ሲያወርድ ሻፍቱም ሴንሰሩም ባንዴ ይሄዳሉ። የሚነሳው ከእግሩ በኩል ነው፤ ሲጫን አጠገቡ ቁሙ።

ከማሽኑ ኋላ የተለጠፈውን ታርጋ አንብቡ። 110 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ካለ አትንኩት፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፣ የኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ክዳኑን አስከፍቱና ቦርዱን እዩ፤ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ፣ ያበጠ ካፓሲተር ካለ ታሪኩን ነግሯችኋል።

ኮኖቹን በምትሠሩት መኪና ለኩ። የኮሮላና የቪትዝ ቸርኬ መሃል ቀዳዳ 54 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የሃይሉክስና የሃይስ 106፣ የላንድክሩዘር 200 ደግሞ 110። ለአይሱዙ ተለቅ ያለ ኮንና ፍላንጅ ለብቻው ይገዛል። 65 ኪሎ የሚችል ማሽን ላይ የሲኖትራክ ጎማ ለመስቀል እንዳታስቡ፣ ከነቸርኬው ከ100 ኪሎ ይበልጣል። ሻፍቱም 36፣ 38 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል ኮን ኋላ ከሌላ ቦታ ስትገዙ ላይገባ ይችላል፤ ውፍረቱን አሁኑኑ ጻፉት።

ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። የአብዛኛው ቸርኬ አሎይ (የአሉሚኒየም) ነው፣ የሚፈልገውም ተለጣፊ እርሳስ ነው። ማሽኑ የአሎይ ሞድ ከሌለው የሚያሳየው ክብደትና እርሳሱ የሚለጠፍበት ቦታ አይገናኙም።

ፕሮፎርማው ላይ ሦስት ነገር አስጽፉ፦ ቀሪው ክፍያ ማሽኑ በእናንተ ሱቅ ኮንክሪት ላይ ቆሞ ሁለቱን ፍተሻ ካለፈ በኋላ እንደሚፈጸም፣ ጋራንቲው ቦርዱንና ሴንሰሩን እንደሚጨምር፣ የማሽኑ መለያ ቁጥርም ስንት እንደሆነ።