ክትባቱ ከቫይረሱ ጋር ይገጥማልን? የፒርብራይት ላቦራቶሪ አገልግሎት ሲመዘን

የወተት ላሞቻቸውን አስከትበው ሳለ አፍተግር (የከብቶችን አፍና እግር የሚያቆስል የቫይረስ በሽታ) የገባባቸው አርቢዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ፣ ክትባቱ ለምን እንዳልሠራ ነው። ለዚህ ጥያቄ በማስረጃ እንድመልስ የረዳኝ፣ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የፒርብራይት ተቋም በዓለም የአፍተግር ማጣቀሻ ላቦራቶሪነቱ የሚሰጠው፣ ክትባትን ከመስክ ቫይረስ ጋር የማመሳከር አገልግሎትና በየሦስት ወሩ ለሁሉም ክፍት አድርጎ የሚያወጣው ሪፖርት ነው።

ቫይረሱ ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤዥያ 1፣ እንዲሁም ሳት 1፣ 2 እና 3 የሚባሉ ሰባት ዓይነቶች አሉት፤ ለአንዱ የተሰጠ ክትባት ከሌላው አያድንም። ይህን ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን በአንድ ዓይነት ሥር ያሉ ዝርያዎችም፣ በተለይ በኤ ውስጥ፣ እጅግ ሊለያዩ መቻላቸው ነው። ላቦራቶሪው የተከተቡ ከብቶችን ሴረም (ከደም የሚለይ፣ በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮችን የያዘ ፈሳሽ) ደረጃ በደረጃ እያቀጠነ፣ የመስኩን ቫይረስ እስከ ምን ድረስ እንደሚያመክን ይለካል፤ ውጤቱንም ያው ሴረም በራሱ በክትባቱ ቫይረስ ላይ ላሳየው አቅም ያካፍለዋል። 0.3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትባቱ እንደሚከላከል ይታመናል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጥቅም ግምትን በቁጥር መተካቱ ነው። ሆኖም ከ0.3 ጥቂት ያነሰ ውጤት ክትባቱን ለመጣል አያበቃም፤ ጉልበቱ ከፍ ያለ ክትባት በድጋሚ ሲሰጥ ጉድለቱን ሊያካክስ ይችላልና። ሌላው ማሳሰቢያዬ፣ በሪፖርቱ ሠንጠረዦች ጎልተው የሚታዩት የትልልቅ ዓለም አቀፍ አምራቾች የክትባት ዝርያዎች ስለሆኑ፣ በቢሾፍቱ የሚመረተውን ክትባት የምንጠቀም ሐኪሞች ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ መንጋ መገልበጥ የማይገባን መሆኑ ነው።

ደግሞም ምርመራው ሕያው ቫይረስ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ የሰበሰብነው ናሙና በጉዞ ላይ ቅዝቃዜውን በማጣቱ የቫይረሱ ዘረመል ቢገኝበትም ቫይረሱን ማሳደግ አልተቻለም፤ ስለዚህ ዓይነቱን አወቅን እንጂ ክትባቱ ይግጠም አይግጠም ሳናውቅ ቀረን፤ ይህም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አገልግሎቱን ለመጠቀም የሚያስብ ሐኪም፣ ውሃ የቋጠረው ቁስል ገና ትኩስ ሳለ ቆዳውን ቢያንስ 1 ግራም ያህል ወስዶ፣ አሲድ ቫይረሱን ስለሚገድለው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.2 እስከ 7.6 በተስተካከለ የግሊሰሮልና የፎስፌት ድብልቅ ውስጥ አኑሮ፣ በቅዝቃዜ ይላከው።