4×5 ወይስ 8×10? የመልክዓ ምድር ፎቶ በትልቅ ፊልም

ወጪ፦ ቁጥሮቹ የፊልሙ ወርድና ቁመት በኢንች ናቸው። የ8×10 ፊልም ስፋቱ የ4×5 አራት እጥፍ ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ይንራል።

ክብደት፦ የ4×5 ካሜራ ከነሌንሱ በጀርባ ቦርሳ ይገባል፣ ተራራም ይወጣል። 8×10 ከባድ ትሪፖድ ስለሚፈልግ ከመኪናው ብዙ አያርቅም።

ጥራት፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። የመደበኛው ሌንስ የትኩረት ርቀት ለ4×5 150 ሚሊ ሜትር፣ ለ8×10 300 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ርቀት ሲረዝም የፊቱ ድንጋይና የኋላው ተራራ አብረው አልጠራ ይላሉ። በ4×5 ኤፍ 22 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠብባል) የሚበቃው ትዕይንት በ8×10 ኤፍ 45 ይጠይቃል። ያኔ ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ከ1/4 ሰከንድ ወደ 1 ሰከንድ ይረዝማል። ትንሽ ነፋስ ከመጣ ሣሩ ይደበዝዛል፤ በሌንሱና በፊልሙ መካከል ያለው ሰፊው የካሜራ እጥፋትም እንደ ሸራ ይርገበገባል። ትልቅ ፊልም ሁሌም የጠራ ፎቶ ይሰጣል የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ህትመት፦ የ8×10ን ኔጋቲቭ ወረቀት ላይ አስተኝቶ ያለ ማጉያ ማተም ይቻላል። እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔ 8×10ን የሚያስመርጠው ይሄ ብቻ ነው። 4×5 ግን እንዲህ ቢታተም ፎቶው ትንሽ ስለሚሆን፣ ለትልቅ ህትመት ማጉያ ወይም ስካነር ይፈልጋል።

በእግር ለሚጓዝ፣ ለጀማሪና ነፋስ ለሚበዛበት ቦታ 4×5 ይሻላል። ጨለማ ክፍል ያለው፣ በቀን አንድ ፎቶ የሚበቃውና ኪሱ የሚችል ሰው ወደ 8×10 ይሂድ።