«አልጋ ከነፍራሹ» የሚል ቅናሽ ላያችሁ የድሬዳዋ ሰዎች፤ ፍራሹን ሳትመዝኑ አትክፈሉ

«አልጋ ከነፍራሹ በአንድ ዋጋ» ሲባል የገዢ ዓይን የሚሄደው አልጋው ላይ ነው። ራስጌው በቬልቬት ተለብጦ፣ ቁልፍ ቁልፍ ተደርጎበት ሲታይ ያምራል። ማጭበርበሩ ያለው ግን ፍራሹ ውስጥ ነው፤ ፍራሽ ልብስ ለብሶ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ ስለሚሸጥ ከፍቶ የሚያይ የለም። ታይዋን ገበያ ሂዱ፣ አሸዋ ገበያ ሂዱ፣ ሐረር ድረስ ውጡ፣ በታማኝነት የሚሸጥ ነጋዴ ሞልቷል። እሱን ከሌላው የምትለዩት ደግሞ ፍራሹን እንድትፈትሹ በመፍቀዱ ነው።

«ሃያ ሳንቲ ነው፣ ዲ 30 ነው» ይሏችኋል። ሃያው ውፍረቱ ነው። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የተሰፋው ወፍራም ጥቅል ጨርቅ ፍራሹን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ዝም ብላችሁ ካያችሁ ትሸወዳላችሁ፤ በሜትር ለኩት፣ 17 ወይም 18 ሊወጣ ይችላል። ዲ 30 ማለት ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ 30 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው እንጂ ስለ ጥንካሬው የሚናገር ቁጥር አይደለም። ጨርቅ ላይ ቁጥር ማተም ለማንም ቀላል ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩ። ወርዱን፣ ርዝመቱንና ውፍረቱን በሜትር አባዙ፣ የወጣውን በ30 አባዙ።

ሜትር ከሃያ በ1.90፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ የሆነ ፍራሽ 0.456 ሜትር ኩብ ነው። እውነተኛ ዲ 30 ከሆነ ስፖንጁ ብቻውን 13.7 ኪሎ ገደማ መምጣት አለበት፤ ዲ 18 ከሆነ 8.2 ኪሎ ነው። ሜትር ከሃምሳው በዚያው ውፍረት 17 ኪሎ፣ ሜትር ከሰማንያው 20 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ለልብሱ አንድ ሁለት ኪሎ ጨምሩ። አቦ፣ ሚዛን የማይገኝበት ሰፈር የለም! የሰው ሚዛን ላይ ፍራሹን ተሸክማችሁ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱ።

ቀላል ስፖንጅ ቶሎ የሚሰረጉደው በአየር የተሞላ ስለሆነ ነው። የጉድጓዶቹ ግድግዳ ስስ ነው፤ ዳሌና ትከሻ በሚያርፉበት ቦታ ሌሊት ሌሊት እየተጫነ ይሰበራል፣ የተሰበረው ደግሞ ተመልሶ አይነሳም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ጠጣር ፍራሽ ሁሉ ጥሩ ፍራሽ አይደለም። ቀላል ስፖንጅንም ፋብሪካው አጠንክሮ ሊሠራው ይችላል። ሱቅ ውስጥ በቡጢ ስትጫኑት ይመልሳል፣ «ኦርቶፔዲክ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል፣ ዓመት ሳይሞላ መሃሉ ይጎደጉዳል።

ሚዛኑንም የሚያታልሉበት መንገድ አለ። አንደኛው ቁርጥራጭ ስፖንጅ ፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ ሆድ ነው፤ ከላይና ከታች ሁለት ሁለት ሳንቲ አዲስ ስፖንጅ ይደረግለታል። ይህ ከባድ ነው፣ ሚዛኑን ያልፋል። የተጋገረ ስፖንጅ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በአዲስ ስፖንጅ ዋጋ መሸጡ ነው። ሁለተኛው ስፖንጁ ሲሠራ የኖራ ድንጋይ ዱቄት መቀላቀል ነው፤ ክብደት ይጨምራል፣ ዕድሜ ግን አይጨምርም። መፍትሔው ዚፑን መክፈት ነው። ሆዱ ብዙ ቀለም ያለው ዥጉርጉር ከሆነ የተጋገረ ነው። በጣታችሁ አሽታችሁት ነጭ ዱቄት ካራገፈ ተዉት። ዚፕ የሌለውንና «ከፈታችሁት አንመልስም» የሚባለውን ባትገዙ ይሻላል። ስፌቱ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ያረጀ ሽታ ካለ አሮጌ ፍራሽ አዲስ ልብስ ለብሶ ሊሆን ስለሚችል ትኋን ይዛችሁ እንዳትገቡ። ለዚህም ነው ማታ በአምፖል ብርሃን ሳይሆን ጠዋት፣ በቀን ብርሃን መግዛት የሚያዋጣው።

ሜሞሪ ፎም ለድሬ አይመከርም፣ ቢያንስ በውድ ዋጋ። ሙቀት ሲያገኝ የሚለሰልስ፣ ሲበርደው የሚጠጥር ስፖንጅ ነው። ሐረር ምሽቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ያስኬዳል፤ ድሬ ግን ሰውነትን ውጦ ሙቀቱን ይዞ ያሳድራል። ባለ ስፕሪንጉ አየር ስለሚያስገባ ለቆላ ይመቻል። ግን በስፕሪንጉና በስፖንጁ መካከል ወፍራም የጨርቅ ንጣፍ ከሌለው ሽቦው ስፖንጁን እየበላ ይወጣል። በባጃጅ ላይ ለሁለት አጥፋችሁ አትጫኑት፤ የጠርዙ ሽቦ አንዴ ከታጠፈ አይቃናም።

ወደ አልጋው ስንመጣ፣ የውስጡን ወርድ በሜትር ለኩ። በቅናሽ የሚሸጠው አልጋ 1.15 ሆኖ ከእነሱ ፍራሽ በቀር ሌላ የማይገባበት ሊሆን ይችላል። በርብራቡ ጣውላዎች መካከል ያለው ክፍተት ከ7 ወይም 8 ሳንቲ አይብለጥ፤ 15 ሳንቲ ከሆነ ጥሩ ስፖንጅም ቢሆን በክፍተቱ ይሰረጉዳል። ሜትር ከሃምሳና ከዚያ በላይ የሆነ አልጋ መሃሉ ላይ ወለል የሚነካ እግር ያለው ተሸካሚ ከሌለው ርብራቡ ይጎብጣል። ጣውላው የሚያርፍበት እንጨት በምስማር ሳይሆን በቪቴ ይታሰር። ቺፑድ ከሆነ ወለል በሚታጠብበት ቤት እግሩ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። የብረት አልጋ ከሆነ ብየዳው ዙሪያውን የሞላ መሆኑን እዩ፤ ነጥብ ነጥብ ብቻ የተበየደ ሲጢጥ ሲል ይከርማል። አጎበር የሚንጠለጠልበትን ነገር አስቀድማችሁ አስቡበት፣ ድሬ ላይ ትንኝ ቀልድ አይደለም።

ቤት ከገባ በኋላ ፕላስቲኩን ቅደዱት። «እንዳይቆሽሽ» ብሎ ከነፕላስቲኩ የሚተኛ ብዙ ነው፤ ላብ መውጫ አጥቶ ይሻግታል። አንሶላውና የላይ ልብሱ ጥጥ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በየወሩ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩ። መገልበጥ የሚቻለው ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። ራቁቱን ስፖንጅ የድሬ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ይደርቅና ይፈረፈራል። ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ አቁማችሁ መስኮት ክፈቱ። ሕፃን ከሸናበት በፎጣ ተጭናችሁ አድርቁ እንጂ ውሃ አትድፉበት።

ደረሰኝ ላይ «አልጋ ከነፍራሽ» ብቻ አይጻፍ። መጠኑ፣ ውፍረቱ፣ ዲው፣ «አዲስ ስፖንጅ» የሚለው ቃልና የአልጋውና የፍራሹ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘብ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ ግን የጊዜ ገደብ ስላለው ፍራሹን በገዛችሁበት ሳምንት መዝኑና ዚፑን ከፍታችሁ ፎቶ አንሱ። ሻጩ እምቢ ካለ ፎቶውንና ደረሰኙን ይዛችሁ ንግድ ቢሮ ሂዱ፣ አቤቱታውንም በጽሑፍ አስገቡ።