ከሰል ወይስ የኤሌክትሪክ ምድጃ? ለቤታችን አየር የቱ ይሻላል

ክረምት ሲገባ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ከሰሉ ደግሞ ቤት ይገባል። አደገኛው ነገር የሚመጣው ያኔ ነው።

ከሰሉ ፍም ሲሆን ጭሱ ስለማይታይ ብዙ ሰው "አሁንማ ነዷል፣ ምንም አያደርግም" ይላል። ያደርጋል እንጂ! ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዚያ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ላቀች የሚባለው የተሻሻለ የከሰል ምድጃም ቢሆን ከሰል ይቆጥባል እንጂ ጋዙን አያስቀረውም።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የሚነድ ነገር ስለሌለ ይህ ጋዝ አይወጣም። በዚህ በኩል ውድድርም የለውም። ግን አየሩ ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። ቡና ሲቆላ፣ ዘይት ሲግል፣ ሽንኩርት ሲያር ጭሱ ያው ነው። ዕጣን ከተጨመረበትማ አስም ላለበት ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ መስኮት መክፈት አይቀርም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወደ ከሰሉ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለዕለት ወጥና ሻይ ኤሌክትሪኩ ይሁን። ጀበና በከሰል ካልፈላ አይጥመንም የምትሉትን አልከራከራችሁም። ግን በረንዳ ላይ አፍሉት። ቤት ውስጥ የግድ ከሆነም በርና መስኮቱ ይከፈት፣ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ ከሰሉ ይውጣ። ዳፍናችሁት አትተኙ፤ አመድ ለብሶም ጋዙን ይለቃል።

ከሰል ባለበት ቤት ሁለት ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው "ቡና ስላልጠጣን ነው" አትበሉ። ቶሎ ውጡ።