«ሁሉንም» ብዬ የሞላሁትን ቅጽ ለመለሱልኝ አስተባባሪ

ይህን የምጽፈው አንዲት የቢሮ ሠራተኛን ለማመስገን ነው። ሁለት ሴሚስተር የልውውጥ ተማሪ ሆኜ በቆየሁበት ዩኒቨርሲቲ፣ ዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ውስጥ የባዲ ፕሮግራሙን ያስተባብራሉ። ስማቸውን አልጠራም። እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም። ዝም ማለቱ ግን ከነከነኝ። ዘንድሮ ለልውውጥ የምትወጡ ካላችሁም ከእኔ ስህተት ትንሽ ታተርፋላችሁ።

ባዲ ማለት አዲስ ለመጣ ተማሪ የሚመደብለት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ነባር ተማሪ ነው። በፈቃደኝነት ነው የሚሠራው፣ አይከፈለውም። ቅጹ ገና ከመሄዴ በፊት በኢሜይል ደርሶኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ቪዛው አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ የዶርም ውሉ አለ፣ የትኞቹ ኮርሶች ስመለስ እንደሚያዙልኝ የሚገልጸው ስምምነት አለ። በዚያ ሁሉ ወረቀት መሀል ጓደኛ በቅጽ ይገኛል እንዴ?

የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር የሚመስለው። በአንድ ቀን ወደ ሠላሳ ስልክ ቁጥር ያዝኩ። በአራተኛው ሳምንት ከሠላሳው አንዱም አልደወለም፣ እኔም አልደወልኩም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ፈገግ ተባብለን እንተላለፋለን። የአገሩ ልጆች ደግሞ ሁሉም የየራሳቸው ሰው አላቸው። ክፋት የለባቸውም፣ በቃ ፕሮግራማቸው ሞልቷል። ቀልዳቸውም ይፈጥናል። ገብቶኝ ልስቅ ስል እነሱ ሌላ ወሬ ጀምረዋል። እሁድ ከሰዓት ሆድ ይብሰኛል። ቤተሰብ ሲደውል «ምርጥ ነው!» እላለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ቅጹን ፈልጌ ሞላሁት። «በትርፍ ጊዜህ ምን ማድረግ ትወዳለህ?» ይላል። «ሁሉንም» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ስጽፍ የዋህነት ሳይሆን ብልጠት መስሎኝ ነበር፤ ምርጫ ካላበዛሁ ቶሎ ሰው ይመደብልኛል ብዬ።

በማግስቱ መልስ መጣ። ሁለት መስመር ናት። «ሁሉንም የሚወድ ሰው ስለሌለኝ ከማን ጋር እንደማገናኝህ አላወቅኩም። አገርህ እያለህ ቅዳሜ ጠዋት ምን ትሠራ ነበር?»

ጥያቄው አስደነገጠኝ። አስቤ አስቤ እውነቱን ጻፍኩ። የተበላሸ ነገር መፍታት እወዳለሁ። መልሶ መግጠሙ ላይ ብዙም ጎበዝ አይደለሁም።

በሳምንቱ አንድ ልጅ መልእክት ላከልኝ። ግቢው ውስጥ ተማሪዎች ብስክሌታቸውን ራሳቸው የሚጠግኑበት ወርክሾፕ አለ፤ እሱ እዚያ ይሠራል። «ሐሙስ ማታ ና፣ ልብስህ ግን አይቆጭህ» አለኝ። ሄድኩ። ካቻቢቴ ሰጠኝና አንድ ካቴናው የወለቀ ብስክሌት አሳየኝ። ከዚያ ወደ ሥራው ዞረ። «አገርህ እንዴት ነው? አየሩ ተስማማህ?» የለም። እንዴት እንደተመቸኝ ልነግራችሁ አልችልም። እጅ ሥራ ሲይዝ ዝምታው አያሳፍርም። ለመናገር ጊዜ አለህ። ከቋንቋው መጀመሪያ ሳልሸማቀቅ የተናገርኳቸው ቃላት ፍሬን፣ ጎማና ከመነዳሪ ናቸው።

ባዲው የባንክ ሂሳብ ሊያስከፍተኝና የመኖሪያ ፈቃድ ወረፋ ሊይዝልኝም አብሮኝ ሄዷል። ባንኩ አድራሻ አምጣ ይላል፣ አከራዩ የባንክ ሂሳብ አምጣ ይላል፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ለእሱም ምስጋናዬ ብዙ ነው። የረዳኝ ግን ከሁሉ በላይ ያ ሐሙስ ነው። በየሳምንቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ እነዚያው ሰዎች። በአራተኛው ሐሙስ ስቀር አንዲት ልጅ «ታመምክ እንዴ?» ብላ ጻፈችልኝ። በዚያ አገር መቅረቴን ያስተዋለ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

በኋላ ይህን ለአስተባባሪዋ ስነግራቸው አልገረማቸውም። ጄፍሪ ሆል የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ጥናት ጠቀሱልኝ። እንዲሁ የሚተዋወቁ ሰዎች ቀለል ያለ ወዳጅነት ላይ ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል አብረው ማሳለፍ አለባቸው። ጓደኛ ለመባል ወደ 90፣ ለቅርብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 በላይ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ወርክሾፑ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነው፣ ሴሚስተሩ 16 ሳምንት። 48 ሰዓት! ያ ሁሉ የትውውቅ ሳምንት ድግስ ግን ከአንድ ሰው ጋር ሲካፈል አሥር ደቂቃም አይደርስ።

የሆድ መባሱንም ነገር ያቀለሉልኝ እሳቸው ናቸው። ካሌርቮ ኦበርግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ «የባህል ድንጋጤ» ያለው ነገር ነው አሉኝ። መጀመሪያ ጫጉላ ነው፣ ሁሉ ያምራል። ከዚያ ይወርዳል። ኦበርግ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሰው የለመዳቸውን ትንንሽ ምልክቶች ስለሚያጣ ነው ይላል፤ መቼ ይጨበጣል፣ መቼ ይቀለዳል የሚሉትን። ያ ሁሉ ባይተዋርነት የእኔ ድክመት አለመሆኑን ስሰማ ትከሻዬ ቀለለኝ። «ቅጹን የሚሞሉት አብዛኞቹ በስድስተኛው ሳምንት ነው» አሉ፣ እየሳቁም እየተበሳጩም።

እንግዲህ ጥቆማዬ። የምትሄዱበት ዩኒቨርሲቲ የባዲ ፕሮግራም ካለው ሳትወጡ ተመዝገቡ። ስሙ ሜንተር ወይም ቱተር ሊሆን ይችላል። አውሮፓ ከሆነ መድረሻችሁ ኢራስመስ ስቱደንት ኔትወርክን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተ የተማሪዎች ማኅበር ነው፣ ሥራውን የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርንጫፍ አለው። ቅጹ ላይ «ፊልም፣ ሙዚቃ፣ ጉዞ» ብላችሁ አትለፉ፤ ያ ከ«ሁሉንም» አይሻልም። ቅዳሜ ጠዋት የምትሠሩትን ጻፉ፣ ቢያሳፍርም።

ባዲ አንዳንዴ አይሳካም። ለዶርም ጎረቤቴ ባዲ ሆና የተመደበችላት ልጅ አንድ ቀን ቡና ጠጥታ ጠፋች። ጎረቤቴ ሁለት ወር ጠበቀቻት፣ ይሉኝታ ይዟት። ለቢሮው ስትናገር በሦስት ቀን ሌላ ሰው ተመደበላት። ስለዚህ አትጠብቁ፣ ተናገሩ። ከአገራችሁ ልጆች ጋር መሆንም ነውር አይደለም። አንዳንዶች «ከእነሱ ራቅ፣ ቋንቋ አትለምድም» ይላሉ። እኔ አልተስማማሁም። ሰው የሚያርፍበት ቋንቋም ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ፣ ሳምንቱን ሙሉ አስቤ ላመሰግናቸው ቢሯቸው ሄድኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። የቆይታ ጊዜዬ በአንድ ሴሚስተር መራዘሙን ብቻ ነገርኳቸው፣ በዚያውም ባዲ ልሁን ብዬ ጠየቅኩ። ቅጽ ሰጡኝ።

«ሁሉንም ብሎ የጻፈ ካለ ለእኔ ይመድቡልኝ» አልኳቸው።

ወደ ኮምፒውተራቸው ዞር ብለው ፈለጉ። «ሦስት አሉ» አሉኝ።