ለምትታለብ ላም የመዥገር መድኃኒት፦ አሚትራዝ ወይስ የአይቨርሜክቲን መርፌ?

ዝናብ ሲጀምር ላም ያላቸው ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «መርፌው ይሻላል ወይስ የሚረጨው?» ለምትታለብ ላም የሚረጨውን አሚትራዝ ግዙ።

መርፌው ድካም የለውም፤ ርካሽም ይመስላል። ሒሳቡን እንሥራው። 1 በመቶ አይቨርሜክቲን ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ስለሚሰጥ የ50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 250 ኪሎ ለሚመዝኑ 10 ከብቶች ይሆናል። 12.5 በመቶ አሚትራዝ 2 ሚሊ ሊትሩ በ1 ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፤ ለአንድ ላም 5 ሊትር ብንመድብ የ100 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስም ለ10 ይበቃል። እንግዲህ የምታነጻጽሩት የእነዚህን የሁለቱን ዋጋ ነው። በመርፌው ላይ ግን ወተቱን ጨምሩ። አይቨርሜክቲን በወተት ለሳምንታት ስለሚወጣ ወተቷ ለሰው ለሚቀርብ ላም አይሰጥም። በቀን 8 ሊትር የምትታለብ ላም ወተት ለ30 ቀን ቢደፋ 240 ሊትር ነው! የአሚትራዝ ማቆያ ጊዜ፣ ማለትም ከተረጨ በኋላ ወተቱ ለሰው የማይቀርብበት ጊዜ፣ አጭር ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አክብሩ።

ደግሞም መርፌው ጀርባው ዝንጉርጉር የሆነውን፣ ግት ላይ የሚጣበቀውን ትልቁን መዥገር አጥርቶ አይገድልም። ጡት የሚያደርቀውም ካውድሪዮሲስ የተባለውን ገዳይ የከብት በሽታ የሚያስተላልፈውም እርሱ ነው።

ሌላው የሚረጭ የመዥገር መድኃኒት ዲያዚኖን ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ለሚረጨው ሰው ግን አደገኛ መርዝ ነው። ገበያ ላይ በውኃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጠውንማ ጨርሶ አትንኩ። ጎረቤቴ ከዚያ ገዝቶ ከብቶቹን በሙሉ ረጨ፤ መዥገሩ ንቅንቅ አላለም፤ ገንዘቡም ቀረ። ማሸጊያው ያልተከፈተ ግዙ፤ ውኃ ውስጥ ጠብ ሲል እንደ ወተት ካልነጣ መልሱት።

መርጫ ስትገዙ የጎማ ቀለበቱ መለዋወጫ መኖሩን አረጋግጡ፤ ቶሎ የሚበላሸው እርሱ ነው፤ ሲያፈስ ደግሞ መድኃኒቱ የተሸካሚውን ጀርባ ያርሳል። የአረም መድኃኒት የተረጨበትን ለከብት አታውሉ። ጆሮ ውስጥ፣ ብብት፣ ግትና ጭራ ሥር እስኪንጠባጠብ ርጩ፤ የተበጠበጠውን በዚያው ቀን ጨርሱ። ተረፈ ብላችሁ ለጋሪ ፈረስ እንዳትረጩ፤ አሚትራዝ የፈረስን አንጀት ያስራል።

ላሟ ትኩሳት ይዟት መብላት ካቆመች መርጨት ብቻውን አያድናትም። ሽንቷ ከቀላ መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤዥያ የተባለ በሽታ ይጠረጠራል፤ መድኃኒቱ ዲሚናዚን ወይም ኢሚዶካርብ ነው። ሽንቷ ሳይቀላ የዓይኗ ውስጠኛ ሽፋን ከገረጣ ወይም ቢጫ ከሆነ፣ እበቷም ከደረቀ አናፕላዝማ የተባለው ሌላው የመዥገር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ ኦክሲቴትራሳይክሊን ይሰጣል። ዲሚናዚን ለአናፕላዝማ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊንም ለባቤዥያ መድኃኒት አይሆንም፤ ስለዚህ መርፌ ከመግዛታችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጥሩና የሽንቷን ቀለም ንገሩት።