ፓከርስ ኳርተርባክ ሲመርጥ፦ ያደረቀውም የሻገተበትም

የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት መድረክ፣ አንደኛ ዙሩ በጅማ ሰዓት የሚጀምረው ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራው ወርዋሪ፣ ሲጠራ ለማየት ብሎ እንቅልፉን የሚሰዋ ሰው ግሪን ቤይ ፓከርስን ባይጠብቅ ይሻለዋል። ከ2000 እስከ 2025 (የድራፍቱ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቡድኑ በአንደኛ ዙር ኳርተርባክ የመረጠው ሁለቴ ብቻ ነው፦ አሮን ሮጀርስን በ2005 በ24ኛነት፣ ጆርዳን ላቭን በ2020 በ26ኛነት። ሁለቱም ሠመሩለት። ለቡድኑ የኳርተርባክ አመራረጥ የምንሰጠው ነጥብ ከ10 ስምንት ነው።

መጀመሪያ የቡድኑን የቀድሞ ኮከብ ኳርተርባክ ብሬት ፋርቭን ከመዝገቡ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፋርቭን በ1991 የመረጠው አትላንታ ነው። ፓከርስ በ1992 አንድ የአንደኛ ዙር ምርጫ ከፍሎ ወሰደው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን የኮከብ ግብ አግቢው ኦኪኪ አፎላቢ ያለቀለት አጥቂ ሆኖ እንደመጣ ማለት ነው። ጥሩ ግዢ ነው፣ ችግኝ ግን አይደለም።

የቡድኑ እውነተኛ ችሎታ ማቆየቱ ላይ ነው። ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና) ከማድረቂያ አልጋው ቶሎ ከወረደ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፤ መጋዘን ገብቶ ይሻግታል። ኳርተርባክም እንዲሁ ነው። ሮጀርስ ከፋርቭ ጀርባ ሦስት ዓመት ተቀመጠ፤ ላቭም ከሮጀርስ ጀርባ ሦስት ዓመት። በ2021 ላቭ ድንገት ተሰልፎ በካንሳስ ሲቲ 13 ለ 7 ሲሸነፍ «ባከነ» ያለው ብዙ ነበር። በ2023 ቋሚ ሲሆን 32 ተችዳውን (ግብ እንደማለት ነው) ወርውሮ 11 ኳስ ብቻ በተጋጣሚ ተቀማ፤ ቡድኑም ዳላስን በሜዳው 48 ለ 32 ከጥሎ ማለፉ አስወጣ። በአንደኛ ዙር መጀመሪያ ላይ የሚመርጡ ቡድኖች ይህን ማድረግ አይችሉም፤ ደካሞች ስለሆኑ ነው ቀድመው የሚመርጡት፣ ልጁንም ወዲያው ይፈልጉታል።

ማቆየት ግን በነፃ አይደለም። የአንደኛ ዙር ተመራጭ የመጀመሪያ ውል አራት ዓመት ነው፣ ክፍያውም ርካሽ ነው። ሦስቱ በተጠባባቂ ወንበር ሲያልቁ ቡድኑ በርካሽ የሚጠቀምበት ጊዜ ብዙም ሳይኖረው ውድ ውል ይመጣል፤ ላቭ በ2024 የ4 ዓመት 220 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ ፈረመ። አንዱን ነጥብ የቀነስነው እዚህ ላይ ነው።

በዝቅተኛ ዙር የመረጣቸውን ደግሞ አሳድጎ ይሸጣል። ማርክ ብሩኔልን በ1993 በአምስተኛ ዙር ወስዶ ከሁለት ዓመት በኋላ ለጃክሰንቪል በሦስተኛና በአምስተኛ ዙር ምርጫ ሸጠው። ማት ሃስልቤክ በ1998 ስድስተኛ ዙር፣ 187ኛ ነበር፤ በ2001 ሲያትል ሲወስደው ፓከርስ ከ17ኛ ወደ 10ኛ ከፍ አለ፣ የሦስተኛ ዙር ምርጫም ጨመረ። ሽያጩ ጥሩ ነበር። ገንዘቡ የዋለበት ግን አይነሳ፦ በ10ኛው ጀማል ሬይኖልድስን ወስዶ ከሰረ፣ ሲያትል በ17ኛው ኮከብ የሆነውን ስቲቭ ሃቺንሰንን አገኘ፣ ሃስልቤክም ለሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ለሱፐር ቦውል፣ አደረሰው።

ሁለተኛው የተቀነሰ ነጥብ ከአንደኛ ዙር በኋላ ተመርጠው ባልሠመሩት ላይ ነው። በ2008 ሁለተኛ ዙር የተመረጠው ብራያን ብሮም በመደበኛ ውድድር ለፓከርስ አንድም ጊዜ አልገባም፤ በዚያው ዓመት በሰባተኛ ዙር፣ 209ኛ ሆኖ የመጣው ማት ፍሊን ግን በለጠው። የአምስተኛ ዙሩ ብሬት ሃንድሊም በ2017 ሮጀርስ ከአንገቱ ሥር ያለው የትከሻ አጥንቱ ሲሰበር ተተክቶ 9 ተችዳውን ወረወረ፣ 12 ኳስ ተቀማ። የ1981ዱን ሪች ካምቤል ለነጥቡ አልቆጠርነውም፣ ዘመኑ ሌላ ነው። በ6ኛነት ተመርጦ አንድም ጨዋታ በቋሚነት ሳይጀምር ሄደ፤ ከሁለት ምርጫ በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ በኋላ ታላቅ ተከላካይ የሆነውን ሮኒ ሎትን ወሰደ።